ማጣሪያው የሚመርጠው ብርሃን፦ ኔቡላን ከደሴ ሰማይ ሥር ፎቶ ማንሳት

(በደሴ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራንና ክቡራት ታዳሚዎች፣

በዚህ አዳራሽ የተገኘነው አብዛኞቻችን በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የምንኖር በመሆናችን ንግግሬን ከራሳችን ሰማይ እጀምራለሁ። ከፒያሳ ወይም ከሆጤ ሆኖ ሌሊት ወደ ላይ የሚያይ ሰው ፍኖተ ሐሊብን ማየት ይቸግረዋል። የመንገዱ መብራት፣ የሱቁ ማስታወቂያና የግቢው አምፖል ወደ ላይ የሚለቁት ብርሃን በአየሩ ውስጥ ባለው አቧራና እርጥበት ላይ እየተበተነ ሰማዩን ያነጣዋል፤ በከዋክብት መካከል የተዘረጉት የጋዝና የአቧራ ደመናዎች፣ ማለትም ኔቡላዎች፣ በአብዛኛው ከዚህ ንጣት እጅግ የደበዘዙ ናቸው። ይህ ሁሉ እያለ ግን ከከተማው መሀል፣ ከመኖሪያ ቤት ሰገነት ላይ፣ ከካሜራው ፊት ጠባብ የብርሃን ማጣሪያ አድርጎ ኔቡላን አጥርቶ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። የሚቻልበት ምክንያት ከመሣሪያው ጥራት ይልቅ ከጋዙ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ከዚህ ጋር አያይዤ ላሳይ የምፈልገው፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው ፎቶ በመጀመሪያ ልኬት፣ ከዚያ በኋላ ሥዕል መሆኑን ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዘነጋ ግማሹ ሰው ሥዕሉን «የተቀባ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል፤ ሌላው ደግሞ ቀለሙን በዓይኑ ሊያየው የሚችለው እውነት አድርጎ ይወስደዋል።

የፀሐይ ብርሃን፣ የሻማ ብርሃን፣ የቀድሞው ባለ ሽቦ አምፖል ብርሃን ተከታታይ ነው፤ በቀስተ ደመና ውስጥ የምናውቃቸውን ቀለሞች ሁሉ ሳያቋርጥ ይይዛል። በሞቃት ኮከብ አጠገብ የሚገኝ የሳሳ ጋዝ ግን እንዲህ አያበራም። ከወጣቱና ከግዙፉ ኮከብ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር የሃይድሮጂንን አተም ኤሌክትሮኑን ይነጥቀዋል፤ ለዚህም ቢያንስ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያስፈልጋል። የተነጠቀው ኤሌክትሮን ቆይቶ ከሌላ ፕሮቶን ጋር ሲጣመር ከላይኛው የኃይል ደረጃ እየወረደ ይመጣል፤ ከሦስተኛው ደረጃ ወደ ሁለተኛው በወረደ ቁጥርም 656.3 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ይለቃል። ይህ ሃይድሮጂን አልፋ የሚባለው መስመር ነው። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን በ495.9 እና በይበልጥ በ500.7 ናኖሜትር ላይ ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ አንድ ኤሌክትሮን ያጣ ሰልፈር ደግሞ በ671.6 እና በ673.1 ናኖሜትር ላይ፣ ከሃይድሮጂን አልፋ እጅግም ሳይርቅ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ይሰጣል። ከኔቡላው የሚደርሰን በዓይን ሊታይ የሚችል ብርሃን ትልቁ ክፍል በእነዚህና በጥቂት ሌሎች ቀጫጭን መስመሮች ላይ የተከማቸ ነው።

ስለ ኦክስጅኑ መስመር ትንሽ ልቆይበት። በ1864 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) እንግሊዛዊው ዊልያም ሀጊንስ ዛሬ የድመት ዓይን ኔቡላ ወደምንለው አካል ብርሃንን በየቀለሙ የሚዘረጋውን መሣሪያ፣ ስፔክትሮስኮፑን፣ ሲያዞር እንደ ኮከብ የተዘረጋ ቀስተ ደመና ሳይሆን ጥቂት ብሩህ መስመሮችን አገኘ። ኔቡላው ከርቀት የተነሳ ተለይተው የማይታዩ የከዋክብት ክምችት ሳይሆን ጋዝ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ከመስመሮቹ መካከል ደማቁ አረንጓዴ ግን በምድር ላይ በሚታወቅ በየትኛውም ንጥረ ነገር ውስጥ አልተገኘም፤ ስለዚህ «ኔቡሊየም» የሚል ስም የተሰጠው አዲስ ንጥረ ነገር እንዳለ ተገምቶ፣ ግምቱ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። በ1927 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አይራ ቦወን መስመሩ የኦክስጅን መሆኑን አሳየ። በቤተ ሙከራ ያልታየውም ነገሩ እንዲህ ስለሆነ ነው፦ ኤሌክትሮኑ ይህን ብርሃን ለመልቀቅ በአተሙ ዘንድ እጅግ ረጅም የሆነ ጊዜ መቆየት አለበት፤ በምድር ላይ በምንሠራው ባዶ ቦታ ውስጥ እንኳ አተሞች ቶሎ ቶሎ ስለሚጋጩ ብርሃኑን ሳይለቅ ኃይሉን ያጣል። ኔቡላው ግን ከዚያም ይልቅ የሳሳ ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶ አንሺ በሰገነቱ ላይ የኦክስጅኑን ማጣሪያ ሲጠቀም የሚመዘግበው፣ ለብዙ ዘመን ቤተ ሙከራዎች ሊያሳዩት ያልቻሉትን ብርሃን ነው።

እንግዲህ ማጣሪያው የሚሠራው ይህን ክምችት በመጠቀም ነው። ጥሩ ጠባብ ማጣሪያ በመስመሩ ዙሪያ 7፣ 5 ወይም 3 ናኖሜትር ያህል ብቻ አሳልፎ ሌላውን ይመልሳል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የ3 ናኖሜትር ማጣሪያ የሚያሳልፈው የዚህን መቶኛ ክፍል ነው። ተከታታይ ከሆነ ብርሃን ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ሲቀር፣ የኔቡላው መስመር ግን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያልፋል። ሬዲዮ ጣቢያን ለመያዝ ቁልፉን በትክክለኛው ሞገድ ላይ እንደምናቆመው መሆኑ ነው። በዚህ ረገድ ማጣሪያው ለኔቡላው ቅንጣት ብርሃን እንደማይጨምርለት ልብ በሉ፤ ጎረቤቱን ብቻ ይቀንስለታል። ብርቱካናማው የሶዲየም መብራት ትልቁን ብርሃኑን የሚለቀው በ589 ናኖሜትር ዙሪያ በመሆኑ ከሦስቱም መስመሮቻችን የራቀ ነው። ነጩ ኤልኢዲ መብራት ግን ተከታታይ ብርሃን ስለሚሰጥ ከኦክስጅኑ መስመር ጋር የሚያልፈው ድርሻ አለው፤ ከተማው ወደ ኤልኢዲ በተሸጋገረ መጠን የኦክስጅኑ ፎቶ ይበልጥ ይቸግራል።

ማጣሪያው ቀለም የተቀባ መስታወት አይደለም። ብርሃንን የተለያየ መጠን የሚሰብሩ ሁለት ዓይነት ቁሶች በመስታወቱ ላይ እጅግ በቀጠኑ ንብርብሮች ተራ በተራ ይለበጣሉ፤ ከየንብርብሩ የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ እየተጠፋፉና እየተደጋገፉ የተመረጠው ሞገድ ብቻ ያልፋል። ከዚህ አሠራር አንድ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የማያስቡት መዘዝ ይወጣል። ብርሃኑ ማጣሪያውን አዘንብሎ ሲመታው የሚያልፈው ሞገድ ወደ አጭሩ ወገን ይሸሻል። ትኩረቱ ኤፍ 5 በሆነ፣ ማለትም የትኩረት ርዝመቱ የአፉን ስፋት 5 እጥፍ በሆነ፣ ቴሌስኮፕ ላይ ከጠርዝ የሚመጣው ጨረር የሚያስከትለው ሽሽት ከአንድ ናኖሜትር ያነሰ ስለሆነ አያሳስብም፤ በኤፍ 2 ግን እስከ 5 ናኖሜትር ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ የ3 ናኖሜትሩ ማጣሪያ የሚፈለገውን መስመር ራሱን ይገድባል ማለት ነው። እጅግ ፈጣን (የኤፍ ቁጥሩ ትንሽ የሆነ) ቴሌስኮፕና እጅግ ጠባብ ማጣሪያ በአንድ ላይ የሚገዛ ሰው ለዚያ ትኩረት ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ መሆኑን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

ካሜራን በተመለከተ ጥቁርና ነጭ ሴንሰር ያለው ተመራጭ ነው። ባለ ቀለም ሴንሰር በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ትንሽ ማጣሪያ ስላለበት ሃይድሮጂን አልፋን በሚገባ የሚቀበለው ከአራቱ ፒክሰል አንዱ ብቻ ነው። የተለመደው የፎቶ ካሜራ በተጨማሪ ከሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት የሃይድሮጂኑን ቀይ አብዛኛውን ይገታዋል፤ ካላስነሱት በቀር ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ባለ ቀለም ካሜራ ላላቸው ሰዎች ሃይድሮጂንንና ኦክስጅንን በአንድ ጊዜ የሚያሳልፉ ባለ ሁለት መስኮት ማጣሪያዎች ተሠርተዋል፤ እነዚህ ለጀማሪ መጥፎ ምርጫ አይደሉም። የሴንሰሩ ሙቀት በየ6 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ ከፍ ሲል የሚፈጥረው ሐሰተኛ ምልክት በእጥፍ ያህል ስለሚጨምር ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ካሜራዎች ማቀዝቀዣ አላቸው። የደሴ የታኅሣሥ ሌሊት ግን ማቀዝቀዣ ለሌለው ካሜራም በነጻ ያግዛል።

አሁን ወደ እኛ አገር ልዩ ጉዳይ ልምጣ። ምድር ስትዞር ሰማዩ በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ ይጓዛል፤ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። 400 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ባለው ትንሽ ቴሌስኮፕና 3.76 ማይክሮሜትር ፒክሰል ባለው ካሜራ አንዱ ፒክሰል 1.9 አርክ ሰከንድ ገደማ ስለሚሸፍን፣ ማውንቱ፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው መቆሚያ፣ ሰማዩን ካልተከተለ ኮከቡ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 8 ፒክሰል ይንሸራተታል። ለዚህም የማውንቱ ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ዘንጉ ከአግድም በ11 ዲግሪ ብቻ ቀና ይላል። ብዙዎቹ ማውንቶች ግን አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን አስበው የተሠሩ ናቸው፤ ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች የማይወርዱ አሉ። የሚወርዱትም ቢሆኑ የሚዛኑ ብረት ከትሪፖዱ እግር ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ። በካታሎግ ላይ መጀመሪያ መነበብ ያለበት ከዋጋው ቀጥሎ ይህ ቁጥር ነው። ያለው ማውንት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከጎደለው በደቡብ በኩል ያሉትን የትሪፖድ እግሮች ከፍ በማድረግ ወይም የሰሜኑን በማሳጠር ማካካስ ይቻላል፤ ሚዛኑን መጠበቅ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ችግር የሰሜን ኮከብ ነው። በእኛ ዘንድ ከአድማስ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል፣ በተራራ በተከበበች ከተማ ውስጥ ከብዙ ግቢዎች ኮረብታ ወይም ፎቅ ይጋርደዋል፤ ባይጋርደውም በዚያ ከፍታ ያለው አየር ወፍራምና ጭጋጋማ ነው። በመጻሕፍት የሚገኘው የማስተካከያ መመሪያ ከሞላ ጎደል ሁሉ በሰሜን ኮከብ የሚጀምር ስለሆነ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ተስፋ መቁረጥ ግን አያስፈልግም፤ በነጻ የሚገኙ ሶፍትዌሮች ማውንቱን በማዞር ከሦስት የሰማይ ክፍሎች ፎቶ አንስተው፣ በፎቶዎቹ ላይ ያሉትን ከዋክብት ከካታሎግ ጋር አመሳክረው፣ ዘንጉ ምን ያህል እንደተዛባ ይናገራሉ። የሰሜን ኮከብን ማየት ፈጽሞ አይጠይቁም።

ይህን ጉዳት ግን በብዙ እጥፍ የሚክስ ጥቅም አለን። ከአውሮፓ ምድር ፈጽሞ የማይወጣው የካሪና ኔቡላ ከደሴ በስተደቡብ እስከ 19 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ከጆሃንስበርግ አድማሱን ጭሮ የሚያልፈው በካሲዮፒያ የሚገኘው የልብ ኔቡላ ደግሞ ከእኛ 40 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። ሁለቱንም ንፍቀ ክበቦች ከአንድ ሰገነት የሚያይ ፎቶ አንሺ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። ከፍታውም ይረዳል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የቆመ ሰው በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰው ይልቅ ከበላዩ ያለው አየር ሩብ ያህል ይቀንስለታል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በሸለቆ ውስጥ ስለምትገኝ ጭስና አቧራ ይተኛባታል፤ በአንጻሩ የደሴ ጉም ሳይታሰብ ሲመጣ የኮምቦልቻ ሰው አሸናፊ ይሆናል። የቴሌስኮፑን አፍ በጥቂቱ የሚያሞቅ ቀበቶ ለደሴ ሰው ቅንጦት አይደለም፤ ያለሱ ሌንሱ ጤዛ ለብሶ ያድራል።

ወቅቱ የሚወስነው ብዙ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ክረምት ለዚህ ሥራ የለም ማለት ነው፤ ይህም በዚያው ወቅት እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚሉትን የላጉን እና የንስር ኔቡላዎችን ያሳጣናል። እነሱን የሚፈልግ ሰው በሚያዝያ ከንጋት በፊት ይነሳል፤ ካልሆነም በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንታት ፀሐይ እንደጠለቀች በደቡብ ምዕራብ ይሽቀዳደማቸዋል። ጥቅምት በይበልጥ የሚመቸው ለሰሜን አሜሪካ ኔቡላና ለመጋረጃው ኔቡላ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከፍታቸው ላይ ይሆናሉ። በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት የኦሪዮን ኔቡላ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ወደ 73 ዲግሪ ይወጣል። 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀን ይህ ኔቡላ በ1880 በሄንሪ ድሬፐር እጅ በታሪክ የመጀመሪያው የኔቡላ ፎቶ የተነሳለት ነው፤ ድሬፐር ያን ጊዜ 51 ደቂቃ ያህል ሳህኑን ክፍት አድርጎ ነበር። ከታኅሣሥ ማብቂያ ጀምሮ የጽጌረዳ ኔቡላ ከአናታችን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ፈቀቅ ብሎ ያልፋል። የበልግ ደመና ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ሲመላለስ የወሎ ወቅት ያበቃል።

ማጣሪያው ሰማዩን እጅግ ስለሚያጨልመው አጭር ፎቶ ማንሳት አያዋጣም፤ በአጭር ጊዜ የሚሰበሰበው ብርሃን ከሴንሰሩ የራሱ የንባብ ጫጫታ፣ ማለትም ፎቶው በተነበበ ቁጥር ሴንሰሩ ከሚጨምረው ሐሰተኛ ምልክት፣ በታች ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ፎቶ 300 ሰከንድ ወይም 600 ሰከንድ ይቆያል፤ እነዚህም በብዛት ተነሥተው በኮምፒውተር ይደመራሉ። ጥራቱ የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ሩት መሆኑን ማስታወስ ይገባል፦ የ4 ሰዓት ፎቶን ጥራት በእጥፍ ለማሳደግ 16 ሰዓት ያስፈልጋል። በከተማችን መብራት ሲጠፋ ሰማዩ ስለሚጠቁር እኛ የምንደሰት ጥቂት ሰዎች እንኖራለን፤ ደስታው ግን ማውንቱና ኮምፒውተሩ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ከሆነ ብቻ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ የሚነሣ የጨለማ ፎቶና በእያንዳንዱ ማጣሪያ እኩል ከበራ ገጽ ላይ የሚነሣ የጠፍጣፋ ብርሃን ፎቶ የሴንሰሩንና የመሣሪያውን ጉድለት ለማረም እንደሚያስፈልጉ በየመማሪያው ስለሚገኝ አልዘረዝረውም።

ወደ ቀለሙ እንምጣ። በየማጣሪያው የሚገኘው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እያንዳንዱ ፒክሰል የሚናገረው በዚያ አቅጣጫ የዚያ ንጥረ ነገር ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው። ልኬት ያልኩት ይህንን ነው። ኦክስጅን ሁለተኛውን ኤሌክትሮን እንዲያጣ 35 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚያስፈልግ የኦክስጅኑ ፎቶ ወደ ሞቃቶቹ ከዋክብት የቀረበውን ክፍል ያሳያል፤ ሰልፈር አንዱን ለማጣት 10.4 ብቻ ስለሚበቃው ጨረሩ በደከመበት ጠርዝና የድንጋጤ ሞገድ (እጅግ ፈጥኖ የሚጓዝ ጋዝ ከሌላ ጋዝ ጋር ሲጋጭ የሚነሣ ግፊት) ባለፈበት ቦታ ጎልቶ ይታያል። ሦስቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው የኔቡላውን የሙቀትና የጨረር ካርታ እያየ ነው።

በ1995 ጄፍ ሄስተርና ፖል ስኮወን በሀብል ቴሌስኮፕ የንስር ኔቡላን ዓምዶች አንሥተው ሰልፈርን ቀይ፣ ሃይድሮጂንን አረንጓዴ፣ ኦክስጅንን ሰማያዊ አድርገው አቀረቡ። ቅደም ተከተሉ የተፈጥሮን ሥርዓት ይከተላል፤ ረጅሙ ሞገድ ቀይ፣ አጭሩ ሰማያዊ ነው። ሃይድሮጂንና ሰልፈር ለዓይን ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ በተፈጥሯቸው ቢቀመጡ ልዩነታቸው አይታይም ነበር። እስከዚህ ድረስ ቀለሙ ሐሰት ነው የሚለውን አልቀበልም፤ በካርታ ላይ ከፍታ በቀለም ሲለይ ማንም ተራራው ቡናማ ነው ብሎ አይከራከርም። የእኔ ቅሬታ የሚጀምረው ቀጥሎ ባለው ደረጃ ነው። ሃይድሮጂን በአብዛኛው ኔቡላ ከሁለቱ ይበልጣልና ልኬቱ እንዳለ ቢቀርብ ሥዕሉ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ወርቃማውና ሰማያዊው ውበት የሚመጣው ሁለቱ ደካሞች ተጎትተው ከሃይድሮጂኑ ጋር ሲስተካከሉ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሚበልጥ ከሥዕሉ ላይ ማንበብ አይቻልም። ይህንን የማይገልጽ ፎቶ አንሺ አንባቢውን ያሳስታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚጠቀሙት አዳዲስ የጫጫታ ማጥፊያዎች ደግሞ በደካማ ፎቶ ላይ ሲጫኑ ያልነበረ የጋዝ ክር የሚሥሉበት ጊዜ ስላለ፣ በእኔ አስተያየት ረጅም ሰዓት ያለው ጫጫታ የቀረበት ፎቶ ብቻ ነው ሊነካባቸው የሚገባው። ከዋክብቱም ብርሃናቸው ተከታታይ በመሆኑ በጠባብ ማጣሪያ ውስጥ የተፈጥሮ ቀለማቸውን ያጣሉ፤ በአጭር ጊዜ በተለመደው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ለብቻ አንሥቶ መመለስ ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ነው።

ማጣሪያው የማይረዳበትን ሳልናገር አላልፍም። በፕሌያዲስ ዙሪያ ያለው ሰማያዊ ደመና የከዋክብቱን ብርሃን የሚመልስ አቧራ ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ ተከታታይ ነው፤ ጠባቡ ማጣሪያ ከከተማው ብርሃን ጋር አብሮ ይጥለዋል። ጋላክሲዎችም፣ በውስጣቸው ካሉት የጋዝ አካባቢዎች በስተቀር፣ እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ኩታበር አቅጣጫ ከከተማ ርቆ መውጣትን የሚተካ ነገር የለም።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን እጨምራለሁ። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ማጣሪያ ብቻ መጀመር ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ይቻላል፤ ያውም ሃይድሮጂን አልፋን ብቻ ይዞ መጀመር የተሻለ ነው፤ ብርቱው መስመር እሱ ነው፣ በጥቁርና ነጭ የቀረበ የጽጌረዳ ኔቡላም በራሱ የተሟላ ሥራ ነው። አንድ አዛውንት ደግሞ «ጨረቃ ሙሉ በሆነች ጊዜ ሥራው ይቋረጣል ወይ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ፣ ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም አልኋቸው። አየሩ የጨረቃን ብርሃን የሚበትነው በሰማያዊው ወገን አብዝቶ በመሆኑ የሚጎዳው የኦክስጅኑ ፎቶ ነው፤ ሃይድሮጂኑና ሰልፈሩ በቀዩ ጫፍ ስላሉ፣ ከጨረቃዋ ራቅ ባለ የሰማይ ክፍል፣ በሙሉ ጨረቃም ይነሣሉ። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር ጨረቃዋ በምትሞላበት ሳምንት ለቀዮቹ ማጣሪያዎች፣ ጨረቃ በማትወጣባቸው ሌሊቶች ደግሞ ለኦክስጅኑ ብቻ ቦታ ቢሰጥ፣ አንድ ኔቡላ በአንድ ወቅት ውስጥ ይጠናቀቃል።